ድምፁ አስቀድሞ የተቆጠረ ምክር ቤት፦ የኬንያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አሠራር ከ1907 እስከ 1963

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የማነሣላችሁ የጎረቤታችንን የኬንያን አንድ የቆየ ተቋም ነው። ናይሮቢ ላይ በ1907 ሥራ ጀምሮ እስከ 1963 የዘለቀው የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው መዛግብቱ በተጻፉበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አመሠራረቱን ከመናገሬ በፊት ከሥራዎቹ አንዱን ላሳያችሁ። በ1930 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ለአፍሪካውያን የተከለለውን መሬት የሚመለከት አዋጅ አወጣ። አዋጁ ክልሉ ለአገሬው ሕዝብ መጠቀሚያ ለዘለዓለም ተጠብቆ እንደሚኖር ይደነግጋል። ለሕዝብ አገልግሎት ከክልሉ መሬት መቁረጥ የግድ ከሆነ በምትኩ ተመጣጣኝ መሬት እንዲሰጥ ያዝዛል። የአካባቢው የአገሬው ምክር ቤት ሳይጠየቅም መሬት እንዳይወሰድ ይከለክላል። ስንት ሰው መሬቱን ተነጥቆ ላለቀሰበት አገር ይህ ትልቅ ቃል ነበር።

በማግስቱ ዓመት ካካሜጋ ላይ ወርቅ ተገኘ። ካካሜጋ በምዕራብ ኬንያ ያለ፣ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሰፈረበት የሉህያ አገር ነው። ጊዜው የዓለም ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበት ነበር። የእርሻ ምርታቸው ዋጋ ያጣባቸው ነጭ ሰፋሪዎች ድንኳንና አካፋ ይዘው ወደዚያ ጎረፉ። መሬቱ ግን ለዘለዓለም የሌላ ሰው ነው ተብሎ ታውጇል። ታዲያ ምን ይደረግ?

በዲሴምበር 1932 መንግሥት ለምክር ቤቱ አንድ የማሻሻያ ረቂቅ አቀረበ። ማዕድን የተገኘበት መሬት ለጊዜው ከክልሉ ሲወጣ ምትክ መሬት መስጠት አያስፈልግም፣ ካሳው በገንዘብ ይከፈል፣ የአካባቢውን ምክር ቤት ማማከርም ግዴታ መሆኑ ይቅር የሚል ነው። ረቂቁ በጥድፊያ ተነብቦ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ጸደቀ። ለዘለዓለም የተባለው ቃል ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላም። ለንደን ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና አንዳንድ የፓርላማ አባላት አጥብቀው ተቃወሙ፤ ማሻሻያው ግን ጸና።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የተጣሰ ሥርዓት አለመኖሩን ነው። ረቂቁ ቀርቧል፣ ተነብቧል፣ አባላት ተናግረውበታል፣ እጅ ተቆጥሯል፣ አገረ ገዥው ፈርሟል። በዚያ አዳራሽ ድምፅ መስጠት ከሚችሉት ሰዎች መካከል ግን አንድም አፍሪካዊ አልነበረም። ስለ ካካሜጋ ሲወሰን ከካካሜጋ የመጣ ሰው በጎብኚነት ካልሆነ በቀር መግቢያ አልነበረውም። እኔ የዚህን ምክር ቤት ታሪክ የማነበው በዚህ ዓይን ነው። ንግግሮቹ ጥሩ ይሁኑ መጥፎ፣ ውጤቱን የሚወስነው የወንበሮቹ ድልድል ነበር፤ ድልድሉ ደግሞ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ለንደን ላይ ያልቅ ነበር።

አሁን ወደ መነሻው ልመለስ። ብሪታንያ አካባቢውን በጥበቃዋ ሥር ያደረገችው በ1895 ነው። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ሐዲዱ ብዙ ገንዘብ ስለበላ ወጪውን የሚመልስ ጭነት ተፈለገ፤ ጭነቱን ያመርታሉ የተባሉት ነጭ ገበሬዎች በመንግሥት ጋባዥነት መጡ። ደጋው መሬት ተሰጣቸው። ሰዎቹ ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ፣ ግብር የሚከፍል ሰው ድምፅ ይገባዋል የሚል ባህል ይዘው የመጡ ናቸው። ወዲያው ምክር ቤት ይቋቋምልን አሉ። ንጉሣዊው ትእዛዝ በ1906 ወጣ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ በኦገስት 1907 ተደረገ። በሰብሳቢነት የተቀመጠው አገረ ገዥው ነው። አብዛኞቹ አባላት የመንግሥት ሹማምንት ሲሆኑ ከእነሱ ውጭ የተሾሙት ጥቂት ሰፋሪዎች ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ሎርድ ዴላሚር ነው፤ ይህ ሰው በ1931 እስኪሞት ድረስ የሰፋሪዎቹ መሪ ሆኖ ኖሯል። ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ሠራተኛና ስንቅ ያቀርብ የነበረው፣ ጋዜጣም ያቋቋመው የካራቺው ነጋዴ አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆነ። ዛሬ ናይሮቢ መካከል ያለው የጂቫንጂ መናፈሻ የሱ ስጦታ ነው።

ግብር የሚከፍል ሰው ድምፅ ይገባዋል የሚለው የሰፋሪዎቹ ክርክር እንግዲህ ከመነሻው ጎዶሎ ነበር። አፍሪካውያን ከ1901 ጀምሮ በየጎጇቸው ልክ ግብር ይከፍሉ ነበር። የቅኝ ግዛቱ ገቢ ጉልህ ክፍል ከነሱ ኪስ የወጣ ነው። ግብር የሚከፍል ይወከል ያሉት ሰዎች መርሁን ለራሳቸው ብቻ ቆርጠው ወሰዱት።

የአሠራሩን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። አገረ ገዥው የመንግሥቱ ራስ ነው፤ አስፈጻሚ ምክር ቤቱን ይመራል። ያው ሰው ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ገብቶ የሰብሳቢውን ወንበር ይይዛል። የመንግሥትን ሐሳብ የሚያቀርበውም፣ ማን ይናገር ማን ዝም ይበል ብሎ የሚፈርደውም፣ መጨረሻ ላይ ሕጉን የሚፈርመውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ከአገረ ገዥው የተለየ አፈ ጉባኤ የተሰየመው በ1948 ነው፤ ከተመሠረተ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከጎኑ የሚቀመጡት ሹማምንት ናቸው። ዋና ጸሐፊው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው፣ የእርሻው፣ የጤናው፣ የትምህርቱ፣ የአገሬው ሕዝብ ጉዳይ ኃላፊው። እነዚህ ሰዎች ድምፃቸው የራሳቸው አይደለም። መንግሥት ባቀረበው ረቂቅ ላይ በውስጣቸው ባያምኑበትም ከመንግሥት ጋር መቆም የሹመታቸው ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ ሳስበው የሚከብደኝ የአገሬው ሕዝብ ጉዳይ ኃላፊው ሁኔታ ነው። ስለ አፍሪካውያን ከማንም ይልቅ ያውቃል የተባለው ሹም፣ አፍሪካውያንን የሚጎዳ ረቂቅ ሲቀርብ እጁን ከማንሣት በቀር ምርጫ የለውም።

ረቂቁን የሚያዘጋጀው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ነው። በመንግሥት ጋዜጣ ይታተማል፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ንባብ ይቀርባል። በሁለተኛው ንባብ በመርሁ ላይ ክርክር ይደረጋል። ቀጥሎ ምክር ቤቱ ራሱን ወደ ኮሚቴ ለውጦ አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፤ በሦስተኛው ንባብ ያልፋል። አገረ ገዥው ይፈርምበታል። ለንደን ያለው መንግሥት ግን ካልወደደው በንጉሡ ስም ሊሽረው ይችላል። ገንዘብ የሚያስወጣ ሐሳብ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ አይቀርብም። ሥራው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የተነገረው ሁሉ ተጽፎ በሃንሳርድ ይታተማል። ይህ የሃንሳርድ ነገር ኋላ ላይ ትልቅ ትርጉም ስለሚኖረው ልብ በሉት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰፋሪዎቹ የመምረጥ መብት አገኙ። በ1920 መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ 11 አውሮፓውያን ተመርጠው ገቡ፤ አገሪቱም በዚያው ዓመት የኬንያ ቅኝ ግዛት ተባለች። በቁጥር የሚበልጡት ሕንዶች እኛስ ብለው ተነሡ። የጠየቁት ዘር ያልለየ አንድ የመራጮች መዝገብ ነው፤ የተማረና ንብረት ያለው ሁሉ፣ ነጭም ይሁን ሕንዳዊ፣ በአንድ መዝገብ ይመዝገብ አሉ። ሰፋሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ቁጣቸው እስከ የት እንደደረሰ ላስረዳችሁ፦ በ1922 እና በ1923 መካከል አገረ ገዥውን አፍነው በመውሰድ ሥልጣን ለመያዝ አሲረው ነበር።

ክርክሩ ለንደን ደረሰ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ የዴቮንሻየር መስፍን በጁላይ 1923 ነጭ ወረቀት የሚባለውን የመንግሥት መግለጫ አወጣ። መግለጫው ኬንያ በመጀመሪያ ደረጃ የአፍሪካውያን አገር መሆኗንና የእነሱ ጥቅም ከመጤዎቹ ጥቅም ጋር ከተጋጨ የአፍሪካውያኑ እንደሚበልጥ ይናገራል። ያው መግለጫ የወንበሩን ድልድል እንዲህ አደረገው። ከ10 ሺህ ጥቂት ለሚያንሱ አውሮፓውያን 11 ተመራጮች። ከ22 ሺህ ለሚበልጡ ሕንዶች በተለየ መዝገብ 5 ተመራጮች። 10 ሺህ ገደማ ለሚሆኑ ዐረቦች 1 ተመራጭ። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ለሚገመቱት አፍሪካውያን ደግሞ ጥቅማቸውን የሚናገርላቸው፣ አገረ ገዥው የሚሾመው አንድ ነጭ ሚስዮናዊ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሹማምንቱ ቁጥር እንዲበልጥ ተደረገ።

እስኪ ስሌቱን ሥሩት። ለአውሮፓውያኑ ለዘጠኝ መቶ ሰው እንኳን ሳይሞላ አንድ ወንበር ይደርሳል። ለሕንዶቹ ከአራት ሺህ አምስት መቶ ሰው በላይ በአንድ ወንበር ተከማችቷል። አፍሪካውያኑ ጥቅማቸው የበላይ ነው በተባለበት ወረቀት ላይ አንድም የራሳቸው ሰው አልተሰጣቸውም። ሕንዶቹ ተቀይመው ለዓመታት ምርጫውን አልተሳተፉም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ የነበረው ዶክተር ጆን አርተር በ1924 የአፍሪካውያን ወኪል ሆኖ ተሾመ። ዶክተሩ ሐኪም ነው፣ ሕዝቡንም ለረጅም ጊዜ አገልግሏል፤ ክፋት አለበት ልል አልፈልግም። ነገር ግን የመረጠው ሰው የለም፣ የሚያወርደውም የለም። ለሾመው እንጂ ለሚናገርላቸው ሰዎች የሚመልሰው ነገር አልነበረም።

ሹማምንቱ በቁጥር ይበልጣሉ ካልን ሰፋሪዎቹ እንዴት ያሸንፉ ነበር የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአዳራሹ ውጭ ነው ያለው። ሰፋሪዎቹ ከ1910 ጀምሮ የማኅበሮቻቸው ጉባኤ ነበራቸው። የሰፋሪዎች ፓርላማ እስከ መባል ደርሶ ነበር። የመንግሥት ሹማምንት እዚያ ተጠርተው ያስረዳሉ፤ ረቂቆች ወደ ምክር ቤቱ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ይመከርባቸዋል። በበጀት ኮሚቴዎችም ከቁጥራቸው የበለጠ ክብደት ነበራቸው። አገረ ገዥው ከእነሱ ጋር በየክለቡ ይገናኛል፣ በየእርሻቸው ይጋበዛል፤ ተቀይመው ለንደን ላሉ ዘመዶቻቸው ሲጽፉበትም ሥራው ይበላሻል።

የገቢ ግብሩን ታሪክ ብቻ ብነግራችሁ ይበቃል። በ1921 በደህና ገቢ ላይ የሚጣል ግብር ተጀመረ። ሰፋሪዎቹ ባሰሙት ተቃውሞ በ1922 ተሰረዘ። ጉድለቱ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ በመጨመር ተሸፈነ። አፍሪካዊው የጎጆ ግብሩን መክፈሉ አልቀረለትም። የገቢ ግብር ተመልሶ የወጣው ሰር አላን ፒም የቅኝ ግዛቱን የገንዘብ አያያዝ መርምረው ካስረዱ በኋላ፣ በ1937 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሀብታሙ ግብር ሲዘገይ የድሃው ግብር አንድ ቀንም አልዘገየም።

አንድ ሕግ ከምክር ቤቱ ጠረጴዛ ተነሥቶ የሰው አካል ላይ እንዴት እንደሚደርስ ማየት ለሚፈልግ ኪፓንዴን ማየት ነው። የአገሬውን ሕዝብ ስለ መመዝገብ የወጣው አዋጅ በ1915 ጸድቆ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። ለአቅመ አዳም የደረሰ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ከክልሉ ሲወጣ ኪፓንዴ የሚባለውን ወረቀት መያዝ አለበት። ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ነገዱ፣ የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ስም፣ የተቀጠረበት ቀንና ደመወዙ ይጻፋል። ሥራ ሲለቅ አሠሪው ካልፈረመለት ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም፤ ሳያስፈርም ቢሄድ ወንጀለኛ ነው። ወረቀቱ እንዳይበላሽ በትንሽ የብረት ሣጥን ተደርጎ በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ያንን ብረት ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚታዩ ሽማግሌዎች ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ፊታቸውን ማየት ይከብዳል።

ሃሪ ቱኩ የሚባል ወጣት የስልክ ኦፕሬተር በ1921 በኪፓንዴው፣ በግብሩና በደመወዝ ቅነሳው ላይ ሕዝብ ማስተባበር ጀመረ። በማርች 1922 ታሰረ። ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ይፈታልን ብሎ የተሰበሰበው ሕዝብ ተተኮሰበት። ወንዶቹ ማፈግፈግ ሲጀምሩ ወደ ፊት የወጣችው ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ ከሞቱት አንዷ ናት። ቱኩ ያለ ፍርድ ወደ ኪስማዮ ተጋዘ። ያን ጊዜ በምክር ቤቱ ስለ ሟቾቹ ተነሥቶ በስማቸው የሚጠይቅ ወገን የላቸውም ነበር። ሰው ደጃፍ ላይ የሚሰበሰበው ከውስጥ የሚናገርለት ሲያጣ ነው።

ሕንዶቹ አባላት ውስጥ አንድ የማከብረው ሰው አለ፤ ኢሸር ዳስ ይባላል። በ1929 ጆሞ ኬንያታ፣ ኋላ የመጀመሪያው የኬንያ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ የሕዝቡን አቤቱታ ይዞ ለንደን ሲሄድ አብሮት የተጓዘ ሰው ነው። ምክር ቤት ከገባ በኋላም ስለ አፍሪካውያን መሬትና ከብት ይናገር ነበር። በ1938 መንግሥት የካምባ ሕዝብን ከብት ብዛት ለመቀነስ እየነዳ ሲሸጥ፣ ካምባዎቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ናይሮቢ ድረስ መጥተው አቤት ሲሉ ከደጋፊዎቻቸው አንዱ እሱ ነበር። በ1942 ናይሮቢ ውስጥ ተገደለ። የራሱን ወገን መቀመጫ ይዞ ለሌላው ወገን መናገር ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ 1944 ልለፍ። በጥቅምት ወር ገደማ፣ በእነሱ ኦክቶበር፣ ኤሊዩድ ማቱ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል ሆኖ ተሾመ። ማቱ የተማረው በአሊያንስ ትምህርት ቤት፣ በደቡብ አፍሪካው ፎርት ሄር፣ በኋላም በኦክስፎርዱ ቤሊዮል ኮሌጅ ነው። ምክር ቤቱ ከተቋቋመ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሰውየው ተሿሚ ነው እንጂ ተመራጭ አይደለም፤ ብቻውንም ነው። ከኋላው ሆኖ የሚደግፈው ማኅበር በዚያው ወር ተመሠረተ፤ ኋላ የኬንያ አፍሪካውያን ኅብረት የተባለው ድርጅት እሱ ነው።

አንድ ድምፅ ይዞ ምን ይሠራል? ማንኛውንም ረቂቅ በድምፅ ማሸነፍ አይችልም። መጠየቅ ግን ይችላል። የምክር ቤት አባል በጽሑፍ ጥያቄ ካቀረበ የሚመለከተው ሹም ተነሥቶ መመለስ አለበት፤ ጥያቄውም መልሱም ሃንሳርድ ላይ ይታተማል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መንግሥት ራሱ ጠይቆ ራሱ ሲመልስ የቆየበት ጉዳይ ሁሉ፣ የመሬቱ፣ የትምህርቱ፣ የኪፓንዴው፣ አሁን በአንድ አፍሪካዊ አንደበት እየተጠየቀ በመንግሥት ማተሚያ ቤት መታተም ጀመረ። የሰፋሪዎቹ ጋዜጣ ራሱ መዘገብ ነበረበት። ይህን ማሳነስ አይገባም። በ1932 በካካሜጋ መሬት ላይ የጠፋው ልክ እንዲህ ዓይነት ጠያቂ ነበር።

ኪፓንዴው የተተካበትን መንገድ ደግሞ ተመልከቱ። በብዙ ውትወታ በ1947 አዲስ የምዝገባ አዋጅ ወጣ። አዲሱ አዋጅ ዘር አይለይም፤ ነጭም ሕንዳዊም አፍሪካዊም ተመዝግቦ የጣት አሻራ ይስጥ ይላል። ሰፋሪዎቹ ይህ ውርደት ነው ብለው አገር አናወጡ። ጉዳዩን የሚመረምር ሰው ከብሪታንያ ተላከ፤ ሰር በርትራንድ ግላንሲ ይባላሉ። በመጨረሻም እንግሊዝኛ ጽፎ ቅጹን መሙላትና ፎቶግራፍ ማቅረብ የሚችል ሰው በአሻራው ፋንታ እንዲፈርም ተፈቀደ። አንድ ትውልድ ሙሉ አፍሪካዊው አንገቱ ላይ ተሸክሞት የኖረውን፣ እነሱ አንድ ቀን ጣታቸውን ቀለም መንከር ከበዳቸው። ወንበር ያለው ሰው ሕመም እንዴት ፈጥኖ ወደ ሕግ እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እኔ አላውቅም።

በ1948 የአፍሪካውያን ተሿሚዎች ቁጥር ወደ 4 ከፍ አለ፤ ከሹማምንቱ ውጭ ያሉት አባላት ድምር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሹማምንቱ በለጠ። በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ አፍሪካውያኑ ከ5 ሚሊዮን በላይ፣ አውሮፓውያኑ 30 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ስለዚህ እድገቱ ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ደጋው መሬት፣ ከ16 ሺህ ካሬ ማይል በላይ፣ ለነጮች ብቻ እንደተከለለ ነው። በምክር ቤት በር ያልገባ ጥያቄ ጫካ ገባ። በኦክቶበር 1952 አገረ ገዥው ኤቭሊን ባሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ጫካ የገቡት ታጣቂዎች ያካሄዱት የማው ማው ጦርነት ብዙ የተነገረለት ስለሆነ አልዘረዝረውም፤ ከርዕሳችን ጋር የሚገናኘው ነገር ግን አለ። በአስቸኳይ ጊዜው ሰው የሚታሰርበት፣ መንደር የሚፈርስበት፣ መሬት የሚወረስበት ደንብ የሚወጣው በአገረ ገዥው ፊርማ ነው። ማቱና ጓደኞቹ በሰላሙ ጊዜ በጥያቄ ያገኟት ጥቂት ቦታ በአንድ ሌሊት ጠበበች።

የመጀመሪያው የአፍሪካውያን ምርጫ የተደረገው በማርች 1957፣ አስቸኳይ ጊዜው ሳይነሣ ነው። የምርጫ ሕጉ በጣም ልዩ ነበር። አንድ ሰው በትምህርቱ፣ በገቢው ወይም በንብረቱ፣ በዕድሜው፣ በአገልግሎቱ እየተመዘነ ከአንድ እስከ ሦስት ድምፅ ሊኖረው ይችላል። የኪኩዩ፣ የኤምቡና የሜሩ ሰው ደግሞ ለመንግሥት ታማኝ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ካላቀረበ አይመዘገብም። አገር አቀፍ ፓርቲ ማቋቋም ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው በየወረዳው ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፈው 8 ሰዎች ገቡ፦ ቶም ምቦያ፣ ኦጊንጋ ኦዲንጋ፣ ሮናልድ ንጋላ፣ ዳንኤል አራፕ ሞይ፣ ማሲንዴ ሙሊሮ፣ ሎውረንስ ኦጉዳ፣ በርናርድ ማቴ እና ጄምስ ሙይሚ። ማቱ በማቴ ተሸንፎ ወጣ፤ ያሳዝነኛል፤ ለብቻው በተሟገተባቸው ዓመታት የሠራው ሥራ ከሚገባው በታች ነው የሚታወሰው።

ስምንቱ ሰዎች ገና ሲገቡ ድልድሉን አንቀበልም አሉ። የሚኒስትርነት ሹመት ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ፤ መጀመሪያ የወንበሩ ቁጥር ይስተካከል አሉ። የአዳራሹን ሕግ ካወቁ በኋላ ያገኙት ትልቁ ጉልበት ይህ ነው። መንግሥት አፍሪካውያን ሹመት ተቀብለው ተሳትፈዋል ብሎ ለዓለም ለመናገር ይፈልግ ነበር፤ ያንን ከለከሉት። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌኖክስ ቦይድ 6 ወንበር ጨመረ፤ አፍሪካውያኑ 14፣ አውሮፓውያኑም 14 ሆኑ። በተጨማሪ ምክር ቤቱ ራሱ የሚመርጣቸው 12 ልዩ አባላት ተፈጠሩ፤ 4 አፍሪካውያን፣ 4 አውሮፓውያን፣ 4 እስያውያንና ዐረቦች። ልዩዎቹን የሚመርጠው ነባሩ ምክር ቤት በመሆኑ ከሕዝቡ የተነሣ ሰው እንዳይገባበት የተበጀ መሆኑ ግልጽ ነበር።

በጁን 1958 ኦዲንጋ ተነሥቶ በአስቸኳይ ጊዜው የታሰሩት ኬንያታና ጓደኞቹ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ዛሬም መሪዎች ናቸው አለ። አዳራሹ ተናወጠ። የሚያስደነግጥ ንግግር ነበር፤ የኬንያታን ስም በበጎ ማንሣት በሌላ ቦታ ቢሆን ያሳስር ነበር። ኦዲንጋ የተናገረው ግን የምክር ቤት አባል ሆኖ፣ በምክር ቤቱ ሥርዓት ተጠብቆ፣ በመንግሥቱ ሃንሳርድ ተመዝግቦ ነው። ሰፋሪዎቹ ለራሳቸው ብለው ከለንደን ያመጡት የአባላት የመናገር ነፃነት፣ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ለታሰረው ሰው ዋለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1960 መጀመሪያ ለንደን ላይ በተደረገው ጉባኤ የምክር ቤቱ ወንበር 65 እንዲሆንና 33ቱ ዘር ሳይለይ በአንድ መዝገብ እንዲመረጡ ተወሰነ። ሕንዶቹ በ1923 ተነፍገው የነበረው የጋራ መዝገብ መጣ። በ1961 የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ፕሪሲላ አብዋዎ ገባች። ኬንያታ በነሐሴው፣ በእነሱ ኦገስት 1961 ተፈታ፤ ካሪዩኪ ንጂሪ ወንበሩን ለቆለት በጃንዋሪ 1962 የምክር ቤት አባል ሆነ። ጁን 1 ቀን 1963 ሕግ አውጪው ምክር ቤት ቀርቶ በሁለት ምክር ቤቶች ተተካ፤ ዲሴምበር 12 ቀን ኬንያ ነፃ ወጣች።

ሕጎቹ ግን ከምክር ቤቱ ጋር አልፈረሱም፤ ለእኛም የሚቀርበው ክፍል ይህ ነው። ምክር ቤቱ ሥራ በጀመረበት በ1907፣ በዲሴምበር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና ብሪታንያ የኢትዮጵያንና የምሥራቅ አፍሪካን ድንበር አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። የቦረና ሕዝብ በሁለት ተከፈለ፤ ሞያሌም የሁለት አገር ከተማ ሆነች። ከድንበሩ በስተ ደቡብ ያለው ሰፊ አገር የሰሜን ድንበር ወረዳ ተባለ። በ1926 ራቅ ያሉ ወረዳዎችን በሚመለከተው አዋጅ መሠረት ዝግ ሆነ፤ ያለ ፈቃድ አይገባበትም፣ አይወጣበትም። በ1934 ልዩ ወረዳዎችን ስለ ማስተዳደር ሌላ አዋጅ ወጣ። ይህ አዋጅ አንድ ነገድ ጠላት ነው ከተባለ አባላቱን የማሰርና ንብረታቸውን የመያዝ ሥልጣን ለክፍለ ሀገሩ ሹም ይሰጣል። አንድ የቦረና እረኛ ሌላ ሰው ባጠፋው ጥፋት ግመሎቹ ሊነዱበት ይችላሉ ማለት ነው። እነዚህ ሕጎች ሲወጡ ካካሜጋ በናይሮቢ ወኪል እንዳልነበረው ሁሉ ሞያሌም፣ ማርሳቢትም፣ ዋጂርም ወኪል አልነበራቸውም።

ነፃነት ሲመጣ አዲሱ መንግሥት ሕጎቹን እንዳሉ ተረከባቸው። በዚያው በዲሴምበር 1963 በሰሜኑ ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ የሽፍታ ጦርነት በሚባለው ግጭት ጊዜ መንግሥት እነዚህን አሮጌ ሥልጣኖች በገዛ ዜጎቹ ላይ ተጠቀመባቸው። ናይሮቢና ኪሱሙ ያለ ሰው በአንድ ሕግ፣ ሞያሌና ጋሪሳ ያለ ሰው በሌላ ሕግ ሲተዳደር ኖረ። ፓርላማው የራቁትን ወረዳዎች አዋጅና የልዩ ወረዳዎችን አዋጅ የሻረው በ1997 ነው። በ1934 አንድም የሰሜን ሰው ባልተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ የጸደቀው ሕግ፣ ያጸደቀው ምክር ቤት ከፈረሰ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል።